የእናቴ የብብት እብጠት "ካንሰር ነው፣ መነሻው ግን አልታወቀም" ተባለ (ኮምቦልቻ)

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ 57 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። በቀኝ ብብቷ ንፍፊት የመሰለ እብጠት ወጣባት። ስለማያማት "ይጠፋል" እያለች ቆየች። ክሊኒክ ወስደናት አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፤ አልጎደለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ቲቢ ሊሆን ይችላል ተባለ። በመጨረሻ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ወረቀቱ "ሜታስታቲክ አዴኖካርሲኖማ፣ መነሻው ያልታወቀ" ይላል፤ ከሌላ ቦታ ተነስቶ የተሰራጨ፣ ከእጢ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ማለት ነው አሉን።

ጡቷ በእጅ ተዳሷል፣ ምንም የለም። አልትራሳውንድና ማሞግራምም ተነስታለች፣ ንጹህ ነው።

አሁን ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ጅዳ ያለው ታላቅ ወንድሜ "ምንጩ ሳይታወቅ ኬሞ አይነካትም፤ ብሩን እኔ እልካለሁ፣ ህንድ ወስዳችሁ ፔት ስካን፣ መላ ሰውነት ላይ ካንሰር የሚፈልገውን፣ አሰሯት" ይላል። እህቴ ደግሞ "እናንተ ስትፈልጉ በሽታው እየሄደ ነው፤ ነገ ሕክምና ይጀመርላት" ትላለች። እኔ መሀል ቤት ቀርቻለሁ። እማ ምንም አታውቅም። "ትንሽ እጢ ናት" ብለናታል።

ካንሰር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይታከማል ወይ? ወይስ የግድ መጀመሪያ መገኘት አለበት?

ጦሳ ስር
ሰኞ፣ ምሽት 3፡25

አብሽር ወንድሜ። አላህ ያሽርላችሁ። እዚህ የሕክምና ሰዎች አሉ፣ ትንሽ ጠብቅ። እስከዚያ ወረቀቱን ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍነህ ፎቶውን ለጥፈው። በአፍ ተነግሮ መልስ መስጠት ይከብዳቸዋል።

ሐረጎ ጉም
ሰኞ፣ ምሽት 3፡41

ወንድምህ ልክ ነው። የት እንዳለ ላልታወቀ በሽታ ምን ብለህ መድሃኒት ትመርጣለህ? ኬሞ እኮ ቀልድ አይደለም። በዚህ ዘመን መነሻውን ማግኘት ካቃታቸው ሐኪሞቹ በደንብ አልፈለጉም ማለት ነው።

የላብ ሰው
ሰኞ፣ ምሽት 4፡30

ሐረጎ ጉም፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ደሴ ነው የምሠራው፣ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ናሙና ግን ቀኑን ሙሉ በእጄ ያልፋል።

ከካንሰር ሕሙማን ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑት መነሻው ያልታወቀ የሚባለው ነው ያለባቸው። አሜሪካም አውሮፓም ይኸው ነው። በሕይወት ሳሉ መነሻው ያልተገኘላቸው ሰዎች አስከሬናቸው ሲመረመር እንኳ ከ4ቱ በ1ዱ ገደማ አልተገኘም። ሲገኝም ብዙ ጊዜ ሳንባ ወይም ቆሽት ውስጥ ያለች በጣም ትንሽ ነገር ናት። እሷ እዚያው ትንሽ ሆና ትቀራለች። ቀድሞ የሚታየው የተሰራጨው ነው። ስለዚህ አለመገኘቱ ሁልጊዜ የሐኪም ስንፍና አይደለም።

አሁን ወደ ጠያቂው። የናንተ ወረቀት ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የቀጭን መርፌ ውጤት ነው፣ ኤፍኤንኤ የምንለው። ቀጭን መርፌ የሚያወጣው የተበታተኑ ሴሎችን ነው። ካንሰር ነው ወይስ ቲቢ ለማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በነገራችን ላይ ቲቢውን መጠርጠራቸው ጥፋት አይደለም፤ እኛ አገር የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው። ጥፋት የሚሆነው ናሙና ሳይወሰድ የቲቢ መድሃኒት አስጀምሮ ወራት መጠበቅ ነው። እናንተ ከዚያ ተርፋችኋል።

ከየት መጣ ለሚለው ግን ቁራጭ ሥጋ ያስፈልጋል። በወፍራም መርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ጥገና ባዮፕሲ ይወሰድ። ከዚያ አይኤችሲ የሚባለው የማቅለም ምርመራ ይሠራበት። የወሎ ልጅ መርካቶ ገብቶ ሃያ ዓመት ቢነግድ አፉን ሲከፍት ይታወቃል አይደል? የካንሰር ሴልም ቤቱን ለቆ ብብት ቢገባ የተነሳበትን አካል ፕሮቲኖች ይዞ ነው የሚዞረው። በአይኤችሲ እነዚያ ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ይታያሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሲኬ7 እና ሲኬ20 ከሚባሉት ነው። ሲኬ20 እና ሲዲኤክስ2 ኖረው ሲኬ7 ከጠፋ ወደ ትልቁ አንጀት ያመለክታል። ቲቲኤፍ1 ወደ ሳንባ ወይም ወደ ታይሮይድ። ጋታ3 እና የኤስትሮጅን ተቀባይ ወደ ጡት። በወንድ ላይ ፒኤስኤ ከታየ ወደ ፕሮስቴት። አነጋገሩን ጨርሶ የረሳም አለ፤ የሚያስቸግረን እሱ ነው። እሱ ሲያጋጥም ቢያንስ ሊምፎማ (ከራሱ ከንፍፊቱ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ሕክምናው ፈጽሞ የተለየ ነውና።

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

እናመሰግናለን ወንድሜ፣ በጣም ግልጽ ነው። አንድ ነገር ግን ያስፈራናል። አክስቶቻችን "ቢላ ከነካው ይበተናል፣ እከሌ ተቀዶ አይደል በወሩ የሞተው" እያሉ ነው። ሌላ ናሙና ቢወሰድ አይቀሰቀስም?

የላብ ሰው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡20

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። ተቀዶ በወሩ የሞተው ሰውዬ ሐኪም ቤት የመጣው መጨረሻ ላይ ስለነበር ነው የሞተው። ናሙና በመውሰድ ምክንያት ካንሰር መዛመቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ያለ ናሙና መታከም ደግሞ አይቻልም። አክስቶችህን እንዲህ ብለህ አታሸንፋቸውም፣ አውቃለሁ። ሲስተሮቹ ያስረዷቸው።

ሲስተር ከሚኒሶታ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሆጤ ነው ያደግኩት። እዚህ የካንሰር ክፍል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። የወንድምህንና የእህትህን ክርክር በየሳምንቱ ነው የምሰማው፣ በየቋንቋው።

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። መነሻው የሚፈለገው ለማወቅ ጉጉት አይደለም። ሕክምናውን የሚቀይር ነገር አለ ወይ ብሎ ለመለየት ነው። ይህ ከተለየ በኋላ ፍለጋው ይቆማል፣ ሕክምናው ይጀመራል። ስለዚህ የምጠይቅህ "መነሻው የት ነው?" ሳይሆን "እናትህ ተለይተው ከሚታከሙት ወገን ናቸው ወይ?" የሚለውን ነው።

መነሻው ካልታወቀላቸው ሰዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት የተሻለ ተስፋ ያለው ወገን ውስጥ ይገባሉ። እነማን ናቸው? በብብቷ ብቻ አዴኖካርሲኖማ የተገኘባት ሴት አንዷ ናት። አዎ፣ የእናትህ ዓይነት። ማሞግራሙ ንጹህ ቢሆንም እንደ ጡት ካንሰር ነው የምትታከመው። ሆዷ ውሃ ቋጥሮ የሆድ ሽፋኗ ላይ ሴረስ የሚባለው ዓይነት የተገኘባት ሴት እንደ ኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ትታከማለች። አንገቱ ላይ ስኳመስ የሚባለው ከተገኘ እንደ ጉሮሮና አፍ ካንሰር ይታከማል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ይድናሉ። አጥንቱ ላይ የተሰራጨበትና ፒኤስኤው ከፍ ያለ ወንድ እንደ ፕሮስቴት ይታያል። ደረቱ መሀል ወይም ከሆዱ ጀርባ ትልቅ እጢ ያለው ወጣት ወንድ ደግሞ ኤኤፍፒ እና ቤታ ኤችሲጂ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ሳይሠሩለት መዋል የለበትም፤ ያ ዓይነቱ በኬሞ ሊድን የሚችል ነው።

ለእናትህ የሚቀረው፦ ባዮፕሲና አይኤችሲ፤ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን፤ ሙሉ የአካል ምርመራ፣ ቆዳና ማህፀን ጭምር። ሐኪሙ ካመነበት የጡት ኤምአርአይ። ማሞግራም ያላየውን ኤምአርአይ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ፔት ስካን ግን ለእሳቸው አሁን አስገዳጅ አይደለም። በአንገት ስኳመስ ላይ ወይም አንድ ቦታ ብቻ ተገኝቶ ኃይለኛ ሕክምና ሲታሰብ ይጠቅማል። ለወንድምህ እንዲህ በለው፦ የህንዱን ብር ያዘው፣ ለሕክምናው ያስፈልጋል።

ሐረጎ ጉም
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡32

ሲስተር አመሰግናለሁ፣ ትምህርት ነው። ግን አንድ ጥያቄ። ደሴ ላይ የግል ላብራቶሪ "የካንሰር ፓኬጅ" እያለ ሲኤ 125፣ ሲኢኤ፣ ሲኤ 19-9 የሚባሉ የደም ምርመራዎችን በአንድ ላይ ይሠራል። እሱን አሠርቶ መነሻውን ማወቅ አይሻልም? ባዮፕሲ ከሚያሰቃዩዋቸው።

ሲስተር ከሚኒሶታ
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡15

አይሻልም። እነዚህ ማርከሮች በብዙ የካንሰር ዓይነት ከፍ ይላሉ፤ ካንሰር በሌለበት ሰውም በጉበት በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት ከፍ የሚሉበት ጊዜ አለ። መነሻ አይናገሩም። በሽታው ከታወቀ በኋላ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለመከታተል አንዳንዴ ይረዳሉ። ለየት የሚሉት ፒኤስኤ፣ ኤኤፍፒና ቤታ ኤችሲጂ ናቸው፣ ከላይ በጠቀስኩት ሁኔታ። ሐኪም ያላዘዘውን ፓኬጅ አትግዙ። ሪፖርቱ ላይ ኮከብ የተደረገበትን ቁጥር እያያችሁ እንቅልፍ ከማጣት ሌላ ትርፍ የለውም።

ጨጓራና አንጀት በካሜራ ማየትም እንዲሁ ነው። ደም ማነስ፣ ሰገራ ላይ ደም፣ መዋጥ ማቃት ካለ ይታያል። ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ከአናት እስከ እግር በካሜራ መፈለግ ማድከም ብቻ ነው።

ሸዋ በር
ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡40

የአባቴን ልንገርህ። ግን አስቀድሜ፣ የአባቴ የእናትህን አይመስልም። እንዳትደነግጥ።

የአባቴ ጉበቱ ላይና ወገቡ አጥንት ላይ ነበር። ናሙናው አነጋገሩን የረሳ ከተባለው ነው። ሲቲውም ታየ፣ ፒኤስኤውም ታየ፣ መነሻ አልተገኘም። እኔም እንደ ወንድምህ ነበርኩ። አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ስንገባ ስንወጣ፣ በየመሀሉ "ይህን ብቻ አሠሩ" እየተባለ የሰውዬው አቅም ተመጠጠ። አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት ሕክምና ቢጀምር ይሻል ነበር ብለው የነገሩን ሌላ ሐኪም ናቸው።

ኬሞው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ነበር። በየሦስት ሳምንቱ። ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ነገሩን፤ "ይህ ዓይነቱ አይድንም። ለብዙው ሰው የሚያገኘው ወራት ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ሲቲ እናያለን፤ ካልጠቀመው እናቆማለን" አሉ። ያኔ ጨካኝ መስለውኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉም ይልቅ ያከበሩን እሳቸው ናቸው።

አልጠቀመውም። አቆምን። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን የከፋው አልነበረም። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ታዘዘለት። ዘመድ ሁሉ "ሞርፊን ሱስ ነው፣ ቶሎ ይገድለዋል" ብሎ ተነሳብን። በትክክለኛ መጠን ሲሰጥ አይገድልም። ሆድ ያደርቃል፤ ለእሱ ከመጀመሪያው ቀን ማለስለሻ አብሮ ይሰጣል። አባቴ ሞርፊኑን ከጀመረ በኋላ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ቡና ይጠጣ ነበር፤ ያለሱ መቀመጥም አይችልም ነበር። ለወገቡም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ጨረር ተሰጥቶት ሕመሙ ቀለለ። ጨረር ለማዳን ብቻ ሳይሆን የአጥንት ሕመም ለማስታገስም እንደሚሰጥ ያኔ ነው ያወቅኩት።

ጦሳ ስር
ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡58

አላህ ይዘንላቸው። ጥሩ ልጅ ነህ።

ከፒያሳ
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡15

ወገኖቼ ጥቁር አዝሙድና ንጹህ ማር በባዶ ሆድ፣ ከዚያ አንድ ዱቄት አለ እኔ ጋ። አራተኛ ደረጃ የነበረ ሰው ድኖበታል። ስልኬ ...

አወያይ
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡20

ስልክ ቁጥሩን አጥፍቻለሁ። እዚህ መድሃኒት አይሸጥም።

የላብ ሰው
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡44

ማሩን ይብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱንም ዳቦ ላይ ያድርጉት፣ ማንም አይከለክልም። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ዱቄት ግን ከኬሞ ጋር ሲገናኝ ጉበትና ኩላሊት ላይ ጣጣ ያመጣል። የወሰዱት ነገር ካለ ደግሞ ለሐኪሙ ይነገር። ሐኪም ይቆጣል ብሎ መደበቅ ነው ችግሩ።

ዱዓውም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ከቀጠሮ ሲያስቀር ነው የሚጣላው።

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
ረቡዕ፣ ምሽት 1፡30

ወንድሜን በስልክ አንብቤለት ተስማማ። "የህንዱን ብር ያዘው" የምትለዋ ላይ ሳቀ። ባዮፕሲው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል። ናሙናው እዚህ ተወስዶ አይኤችሲው አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ወስደን የምናደርሰው እኛው ነን ተባልን። በአውቶቡስ ይዞ መሄድ ይቻላል? በረዶ ያስፈልገዋል?

የላብ ሰው
ረቡዕ፣ ምሽት 2፡12

ይህ ላይ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

በረዶ አያስፈልግም። አይቀዝቅዝም፣ አይጋገርም። ቁራጩ እንደተወሰደ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። አልኮል አይደለም፣ ግሉኮስ ውሃም አይደለም፣ ፎርማሊን። ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይብዛ። አፉ ጠባብ የሆነ የመድሃኒት ጠርሙስ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚመጣ አለ፤ ገብቶ አይወጣም። ሰፊ አፍ ያለው፣ የማያፈስ ዕቃ ይሁን። ስሟ፣ የካርድ ቁጥሯ፣ ከየት እንደተወሰደና የተወሰደበት ሰዓት ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ። ክዳን ይቀያየራል።

የኤስትሮጅን ተቀባይና ኸርቱ የሚባሉት (የጡት ካንሰር መድሃኒት የሚመረጥባቸው ፕሮቲኖች) እንዲታዩ ከተፈለገ ፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ቢሆን ነው ጥሩ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በቀን ይገባል። ስለዚህ ዓርብ ተወስዶ ቅዳሜና እሑድ ቤት እንዳያድር። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይወሰድ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እዚሁ በሰም ተደርጎ ብሎክ ከተሠራ በኋላ ብሎኩን መውሰድ ነው። ብሎክ ዓመታት ይቀመጣል። ላካችሁበት ቦታ ስትሄዱ ፈርማችሁ ስጡ፣ ሲያልቅ ፈርማችሁ ተቀበሉ። ሌላ ሐኪም ሌላ ምርመራ ቢፈልግ እንደገና እናታችሁ አይወጉም፣ ከብሎኩ ይቆረጣል። ግን ሥጋው ትንሽ ስለሆነ ሠላሳ ዓይነት ማቅለሚያ በዘፈቀደ አይሠራበት። ወረቀቱ ላይ ሐኪሙ "ሴት፣ 57፣ የብብት እጢ ብቻ፣ ማሞግራም ንጹህ" ብሎ ከጻፈ ፓቶሎጂስቱ ከጡት ይጀምራል። ታሪክ የሌለው ናሙና ሲመጣ ግን በጨለማ መዳበስ ነው የሚሆንባቸው።

አንድ ደግሞ ለማንኛችሁም፦ የማህበረሰብ ጤና መድህን ካላችሁ ካርዱ መታደሱን እዩ፣ ሪፈሩም ደረጃውን ጠብቆ ይጻፍ። ጤና ጣቢያውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ክፍያ ላይ ትጨቃጨቃላችሁ።

እህቷ ነኝ
ረቡዕ፣ ምሽት 4፡05

የጠያቂው እህት ነኝ። ወንድሜ ነው እዚህ ያስገባኝ። ምርመራው ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እማ ትናንት ማታ "ለምንድነው እኔ ስገባ ወሬ የምታቆሙት?" አለችኝ። ብትሰማ ትሰበራለች ብዬ ነው። እናንተ ምን ታደርጉ ነበር?

ሐረጎ ጉም
ረቡዕ፣ ምሽት 4፡20

አትንገሯት። እኛ ፈረንጅ አይደለንም። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ነው የሚሞተው።

ሸዋ በር
ረቡዕ፣ ምሽት 4፡48

አባቴን ደብቀነው ነበር። ኬሞ ክፍል ገብቶ አጠገቡ ያለው ሰውዬ "አንቱስ ካንሰርዎ የት ነው?" አለው። እንደዚያ ነው የሰማው፣ ከማያውቀው ሰው። ከዚያ በኋላ እኛን አላመነንም። መድሃኒት ስንሰጠው እንኳ "ይህስ ምንድነው?" ይል ነበር።

ሲስተር ከሚኒሶታ
ረቡዕ፣ ምሽት 5፡10

እህቴ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ማፍሰስ የለብሽም። ጥያቄ ጀምራለች፤ መንገዱን ከፍታልሻለች። "እማ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ልንገርሽ ወይስ እኛ እንያዘው?" ብለሽ ጠይቂያት። አንዳንድ እናት "እናንተ ያዙት" ትላለች፣ መብቷ ነው። አብዛኞቹ ግን ከምናስበው በላይ ያውቃሉ። ቀዶ ጥገናና ኬሞ ካለ ደግሞ መፈረም ያለባት እሷ ናት። ሐረጎ ጉም ያለው ፍርሃት እውነት ነው፣ አልንቀውም። ግን በእሷ ሁኔታ የምትነግሯት የሞት ዜና ብቻ አይደለም። ሊታከም የሚችል ነገር ነው የምትነግሯት።

እህቷ ነኝ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

ጠየቅኳት። "ካንሰር ነው አይደል? ከመርፌው ቀን ጀምሮ ፊታችሁ ይናገራል" አለችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር ረመዳን ሲመጣ መጾም ትችል እንደሆነ ነው።

ጦሳ ስር
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡11

ማሻአላህ፣ የወሎ እናት! የታመመ ሰው ጾሙ ተነስቶለታል፣ ለዚያ ሸኽ መጠየቅ ትችላላችሁ። በኬሞ ቀናት ውሃ መጠጣት የግድ ነው፣ እንዳትከራከሯት ሐኪሙ ራሱ ይንገራት።

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡00

የዘገየሁት ውጤት ስጠብቅ ነው። አይኤችሲው መጣ። ሲኬ7 ፖዘቲቭ፣ ሲኬ20 ኔጋቲቭ፣ ቲቲኤፍ1 ኔጋቲቭ፣ ጋታ3 ፖዘቲቭ፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ ፖዘቲቭ፣ ኸርቱ ኔጋቲቭ። ሲቲ ስካኑ ላይ ከብብቷ ሌላ ምንም የለም። ሳንባም ጉበትም ንጹህ። ሐኪሟ "እንደ ጡት ካንሰር እናክማለን፣ ለማዳን ነው የምናክመው" አሉ። መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ የብብቱ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ለጡቷ ጨረር፣ ከዚያ ለዓመታት የሚዋጥ የሆርሞን መድሃኒት።

ሐረጎ ጉም
ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡15

አልሐምዱሊላህ! ስለዚህ መነሻው ተገኘ ማለት ነው?

ሲስተር ከሚኒሶታ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡50

አልተገኘም። ጡታቸው ላይ ዛሬም ምንም አይታይም። ምናልባትም ፈጽሞ አይታይ ይሆናል። ግን ለማከም የሚበቃው ያህል ታውቋል።

የብብቱ ነገር በጊዜ መገኘቱ ነው የረዳቸው። ሸዋ በር የተናገረው ወገን ላይ ሳይንሱ ገና እየታገለ ነው። የሴሉን የጂን ባሕርይ አይቶ መነሻውን እየገመቱ ማከም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ተራውን ኬሞ ከመስጠት እንዳልበለጠ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በ2024 ውጤቱ የወጣ ኩፒስኮ የሚባል ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። መነሻውን ትቶ የጂን ጉድለቱን አይቶ መድሃኒት መረጠ። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ በኬሞ 4.4 ወር፣ በዚህኛው 6.1 ወር ሆነ። ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው። ጃፓን ኒቮሉማብን (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚረዳ መድሃኒት) ለዚህ በሽታ የፈቀደችው በ2021 ነው። እነዚህ ዛሬ ደሴ ላይ ለሚታከም ሰው ቅርብ አይደሉም። የማወራው "ምንም አልተሠራም" እንዳይባል ነው።

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡20

ኬሞውን ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ልናስጀምራት ነው። ከኮምቦልቻ እየተመላለስን ይቻላል?

ሸዋ በር
ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡45

ይቻላል፣ ቅርብ ነው። ግን ከኬሞ በኋላ በሐረጎ ጠመዝማዛ መውረድ ለሚያስመልሰው ሰው ፈተና ነው። የማስመለስ ማስታገሻ ክኒኑን ከመንገድ በፊት ትዋጥ፣ ከፊት ወንበር ትቀመጥ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ደሴ ብታድሩ ይሻላል፤ ዘመድ ከሌላችሁ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቤታችን ሰፊ ነው።

የጨረሩ ጊዜ ሲመጣ አዲስ አበባ ማረፊያ ካጣችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አለው። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሲስተር ከሚኒሶታ
ቅዳሜ፣ ምሽት 3፡05

ቴርሞሜትር ግዙ። በኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር የለም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል፣ "ኬሞ ላይ ናት" ብላችሁ።

ከሚሴ ነኝ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡30

ክሩን ሙሉውን አነበብኩት። የአጎቴ ደግሞ አንገቱ ላይ ነው፣ በግራ በኩል ከመንጋጋው ስር። ባዮፕሲው "ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ" ይላል፣ መነሻው አልታወቀም። እኛም ወደ ኬሞ እንሂድ?

ሲስተር ከሚኒሶታ
እሑድ፣ ቀን 6፡40

አይ፣ መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ነው። አፍንጫው ጀርባ፣ ቶንሲሉ፣ የምላሱ ስር፣ ጉሮሮው በካሜራ ይታይ፤ ከተጠረጠረው ቦታ ናሙና ይወሰድ። ብዙ ጊዜ ቶንሲል ወይም የምላስ ስር ውስጥ ተደብቃ ነው የምትገኘው። ባትገኝም ቀዶ ጥገናና ጨረር ነው ዋናው ሕክምና። ፔት ስካን ይጠቅማል ካልኳቸው አንዱ ይህ ነው። አጎትህ ያጨሳሉ? ጫትስ?

ከሚሴ ነኝ
እሑድ፣ ቀን 7፡02

ሁለቱንም።

የላብ ሰው
እሑድ፣ ቀን 7፡10

አዲስ ክር ክፈትና እዚያ እንቀጥል፣ ይህኛው ረዘመ። ወደ አንገት በላይ ሐኪም ስትሄዱ ብሎኩን ካስመረመራችሁበት ቦታ ፈርማችሁ ያዙ።